ኦሪጅናሉ የቱ ነው? ስለ አንድ የጠፈር ፊልም፣ ስለ ኮሚኩና ስለ አድናቂዎቹ ኩርፊያ

(ድሬዳዋ ውስጥ ለወጣት አንባቢያን በተዘጋጀ የቅዳሜ ምሽት ጨዋታ ላይ የተናገርኩት ነው። ለንባብ እንዲመች ትንሽ አቃንቼዋለሁ። ከታዳሚው የተወረወሩትን ግን አልቆረጥኳቸውም።)

እንዴት አመሻችሁ ጀመዓ!

ወንበር ያላገኛችሁ ግድግዳውን ተደገፉ። በር ላይ የቆማችሁ አትዘኑ፤ ያለችው ነፋስ የእናንተ ናት። ወንድማችን ሲያስተዋውቀኝ «እርስዎ» ብሎኝ የሳቃችሁት ሳቅ ደርሶኛል። ልክ ናችሁ። ድሬ ላይ «እርስዎ» የተባለ ሰው ወይ ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ ነው፣ ወይ ገንዘብ ሊበደሩት ነው። «አንተ» በሉኝና እንቀጥል።

የማወራችሁ ስለ አንድ ፊልም ነው፤ ጋርዲያንስ ኦፍ ዘ ጋላክሲ። የጋላክሲው ጠባቂዎች ማለት ነው። ማርቬል የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ ኮሚክ ከሚባለው፣ በሥዕል ከሚነበበው መጽሔቱ ቀድቶ የሠራው ነው። ጠባቂዎቹ አምስት ናቸው፦ የምድሩ ልጅ ፒተር ክዊል፣ ጋሞራ፣ ድራክስ፣ ዛፉ ግሩትና የሚያወራው አውሬ ሮኬት። ያላየው ማነው? እጅ አውጡ እስቲ። ሦስት ሰው። እናንተ ሦስታችሁ ይቅር በሉኝ፣ መጨረሻውን ላወራባችሁ ነው።

ነገሩ የጀመረው በጠብ ነው። ፊልሙ አሜሪካ ውስጥ የወጣው እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 2014 ነው፤ በእኛ 2006 ዓ.ም. ሐምሌ መገባደጃ ላይ። እኛ ሰፈር የደረሰው አዲስ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ በፍላሽ ነው። ያኔ ፊልም የምናስጭነው ታይዋን ገበያ አጠገብ ካለች፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ከማታስቆም ሱቅ ነበር። ያየነው ገንደ ቆሬ፣ አንድ ቪዲዮ ቤት ውስጥ። አግዳሚ ወንበር፣ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ከሚያቀዘቅዘው የሚንቋቋው የሚበልጥ አንድ ቬንትሌተር።

ፊልሙ አለቀ። ሰው እያጨበጨበ ሲወጣ አንድ ልጅ ከአግዳሚው አልተነሳም። ዩኒቨርሲቲ ይማራል፣ ኮሚክ በስልኩ ያነባል።

«አበላሹት» አለ።

«ምኑን?»

«ድራክስን ነዋ! ኦሪጅናሉ እንዲህ አይደለም። ድራክስ የምድር ሰው ነበር እኮ!»

አብሮት የመጣው ጓደኛው ኮሚክ የሚባል ነገር በዓይኑ አይቶ አያውቅም። ፊልሙ ግን ልቡን ወስዶታል። «አቦ ተወና!» አለው። «ያየነው ነው ኦሪጅናሉ።»

ከዚያ ነገር ነገርን ወለደ። በረንዳው ላይ ጀመሩት፣ ሻይ ቤት ይዘውት ገቡ፣ እኩለ ሌሊት ላይ ደቻቱ ድልድይ አጠገብ ቆመው ሲጯጯሁ ጥለናቸው ሄድን። ሁለት ሳምንት ተኮራረፉ። የባጃጅ ወረፋ ላይ ሲገናኙ እንኳ አንዱ ወደ ሳቢያን፣ አንዱ ወደ ከዚራ ያያል። ሽማግሌ ያስፈልግ ነበር። ሽማግሌው እኔ ሆንኩ፤ በሃያ ስምንት ዓመቴ።

ሽማግሌ ደግሞ የሁለቱንም ወገን ነገር ማወቅ አለበት። ቁጭ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። ያገኘሁት ነገር ሁለቱንም የሚያሳፍር ነበር።

«የጋላክሲው ጠባቂዎች» የሚለው ስም ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1969 ነው፤ ማርቬል ሱፐር ሂሮስ የሚባል መጽሔት 18ኛ ቁጥር ላይ። ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ የፈረንጆቹ ናቸው፣ እየደጋገምኩ አላደክማችሁም። ጸሐፊው አርኖልድ ድሬክ ነው፣ ሠዓሊው ጂን ኮላን። ታሪኩ የሚሆነው በ31ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ባዱን የተባሉ እንሽላሊት መሳይ ፍጡራን ምድርን ወርረዋል። ከየፕላኔቱ የተረፉ አራት ሰዎች ተገናኝተው ይዋጓቸዋል። ቫንስ አስትሮ፣ ቻርሊ 27፣ ማርቲኔክስ፣ ዮንዱ።

አሁን ፊልሙን አስታውሱ። ፒተር ክዊል አለ? የለም። ጋሞራስ? የለችም። ሮኬት፣ ግሩት፣ ድራክስ? አንዳቸውም የሉም። ከአራቱ በመጀመሪያው ፊልም ላይ ያገኘነው ዮንዱን ብቻ ነው። እሱም ኮሚኩ ላይ ባለ ቀስት አርበኛ የነበረው፣ ፊልሙ ላይ የሽፍታ አለቃ ሆኖ መጣ። በፉጨት የምትታዘዘው ፍላጻ ግን አልቀረችም። እሷንስ ማን ይጥላል?

ስለዚህ «ኦሪጅናሉን አበላሹት» ላለው ልጅ የመጀመሪያ ጥያቄዬ ይሄ ነበር፦ የቱን? እንደሱ አባባል ከሄድን ድራክስ መቀየሩ ሳይሆን ከነጭራሹ ፊልሙ ውስጥ መግባቱ ነበር ጥፋቱ።

ያ የ1969ኙ ቡድንም ዕድለኛ አልነበረም። አንዴ ታይቶ ጠፋ። በ1974 ስቲቭ ገርበር የሚባል ጸሐፊ ከመሳቢያ አወጣው። የራሱን ተከታታይ መጽሔት ያገኘው ገና በ1990 ነው። አንባቢ ነበረው፤ ግን ስሙን ከኮሚክ ሱቅ ውጭ የሚያውቅለት አልነበረም።

እሺ፣ ፊልሙ ላይ ያየናቸው አምስቱስ ከየት መጡ? ከየጥጉ።

ግሩት የሁሉም ታላቅ ነው። የተወለደው በኖቬምበር 1960 ነው፤ ቴልስ ቱ አስቶኒሽ 13ኛ ቁጥር ላይ፣ በጃክ ከርቢ እርሳስ። ልብ በሉ፣ ያኔ ስፓይደርማን እንኳ አልተፈጠረም። ግሩትም ጀግና አልነበረም። ጭራቅ ነበር። ፕላኔት ኤክስ ከሚባል ቦታ የመጣ፣ ንጉሥ ነኝ ባይ ዛፍ። የመጣበት ጉዳይ ደግሞ አንድ መንደር ከነነዋሪው ነቅሎ ወስዶ ለመመርመር ነው። አፉስ! ይሄ «እኔ ግሩት ነኝ» ከሚሉ ሦስት ቃላት ሌላ አያውቅም የምትሉት ግሩት ያኔ እንደ ፎካሪ ነው የሚያወራው። ያስፈራራል፣ ራሱን ያወድሳል፣ ትንፋሽ አይወስድም። ሰዉ መላ ሲያጣ አንድ ሳይንቲስት ምን ለቀቀበት መሰላችሁ?

(ከኋላ፦ «ፍየል!» ሳቅ።)

ፍየልም በደንብ ይሠራ ነበር። ምስጥ ነው የለቀቀበት። ምስጥ! በቃ፣ አለቀለት። የምስጥን ነገር የበር መቃን ለቀየረ የድሬ ሰው አላብራራም።

ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው ያ ጭራቅ ሰው ወዳድ ሆኖ የተመለሰው። ሦስቷ ቃልም ያኔ ነው የመጣችው። ኮሚኩ ምክንያት ሰጥቶበታል፤ ጉሮሮው እንደ እንጨት ስለደረቀ ነው ይላል። እሱ ብዙ ይናገራል፣ እኛ የምንሰማው ያችኑ ነው። እኔ ይሄን ምክንያት በጣም ነው የምወደው። እዚህ ከተማ ውስጥ እንደዚህ የሆነ አጎት የሌለው ሰው አለ?

ድራክስና ክፉው ጠላቱ ታኖስ በ1973 አይረን ማን 55ኛ ቁጥር ላይ እኩል ነው የተወለዱት፤ ጋሞራ በ1975 ተከተለች። ሦስቱም የጂም ስታርሊን ልጆች ናቸው። ፒተር ክዊል በ1976 ማርቬል ፕሪቪው በሚባል ጥቁርና ነጭ መጽሔት 4ኛ ቁጥር ላይ መጣ። ጸሐፊው ስቲቭ ኢንግልሃርት ነው፣ ሠዓሊው ፊሊፒናዊው ስቲቭ ጋን። ያኔ ፒተር የሚቀልድ፣ የሚጨፍር ልጅ አልነበረም። ፊቱ የማይፈታ፣ ሰው የማይጠጋው ዓይነት ነበር። ፊልሙ ላይ የማትለየው የኪስ ቴፕ፣ ዎክማንም የለው። ዎክማን ራሱ ገበያ ላይ የወጣው በ1979 ነው።

ሮኬትን ላቆየው። ወደሱ እመለሳለሁ።

አሁን ታይዋን ገበያ ልውሰዳችሁ። አንድ ቴፕና ራዲዮ ጠጋኝ አለ፣ ቀኑን ሙሉ አጎንብሶ የሚውል። የእናቴን ቴፕ ላሠራ ሄጄ ነበር። ከፈተው፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ከጠረጴዛው ሥር ሁለት ሌላ የሞተ ቴፕ አወጣ። ከአንዱ ሞተሩን ነቀለ። ከሌላው ስፒከሩን። ጣቱን በምራቅ አርሶ መበየጃውን ነካ አደረገው። «ጭስ» አለ። ጋለ ማለት ነው። ሽቦውን ለጉሞ፣ በየደው፣ ነፋበት። የካሴቱ ክዳን ስላልገጠመ ከአንዱ ሬሳ ቀይ ክዳን አምጥቶ በጥቁሩ ቴፕ ላይ ገጠመው።

«ኦሪጅናል ነው?» ብዬ አሾፍኩበት።

ቀና አላለም። «ድምፁን ስማ» አለኝ።

በ2008 ዳን አብኔትና አንዲ ላኒንግ የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ያደረጉት ይሄንኑ ነው። በዚያ ሰሞን ማርቬል አናይሌሽን የሚባሉ ትልልቅ የጠፈር ጦርነት ታሪኮች አውጥቶ ነበር። ከጦርነቱ ማግስት ባለቤት ያጡ ገጸ ባሕርያት ተራርፈዋል። ከ1960ው ጭራቅ፣ ከ1973ቱ ተበቃይ፣ ከ1976ቱ ኩርፍተኛ ለቃቅመው አንድ ላይ በየዷቸው። የ1969ኙን ስም ከላይ ለጠፉበት። ቀይ ክዳን ማለት ይሄ ነው። የፊልሙ ቡድን የተቀዳው ከዚህ ነው። ያም መጽሔት ቢሆን 25 ቁጥር ወጥቶ በ2010 ቆመ። እኛ «ኦሪጅናሉ» እያልን የተጣላንበት ነገር ፊልሙ ሲወጣ ስድስት ዓመቱ ነበር።

የፊልሙ ወሬ ሲሰማ አድናቂው ለሁለት ተከፈለ። ኮሚክ የማያነበው «እነማን ናቸው?» አለ። የሚያነበው ደግሞ ፈራ። የሚያወራ አውሬና ሦስት ቃል የሚያውቅ ዛፍ ይዘህ ማንን ሲኒማ ቤት ታስገባለህ? ማርቬል ዘጠኝ ፊልም ሠርቶ ተሳክቶለታል፣ አሥረኛው ላይ ወድቆ ይፈጠፈጣል ያሉ ብዙ ነበሩ። አሥረኛው ፊልም በዓለም ዙሪያ ከ770 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ።

እኛ ጋ ግን ስለሚያወራው አውሬ ማንም አልተጨነቀም። ሐረር ሄዳችሁ ማታ ከጁገል ግንብ ውጭ ጅብ በስሙ ሲጠራ አላያችሁም? ይጠራዋል፣ ጅቡም ይመጣል፣ ሥጋውን ከአፉ ተቀብሎ ይሄዳል። ይሄን በልጅነቱ ያየ ሰው ጠመንጃ የያዘ አውሬ ቢያወራ ምን ይደንቀዋል? የእኛ ክርክር ሌላ ነበር። አውሬው ምንድን ነው? እዚህ አገር ራኩን የለም። አንዱ ቀበሮ ነው አለ። አንዷ ድመት ነው፣ ተናዶ ነው እንጂ አለች። አንድ ትንሽ ልጅ ከፊት ተነስቶ «ጥርኝ ነው!» ብሎ ደመደመ። ደግሞ እውነቱን ነው፤ ጥርኝም ዓይኑ ዙሪያ እንደዚያ ጥቁር ጭንብል አለው።

ደስ የሚለው፣ ፊልሙ ላይ ሮኬት ራሱ አያውቅም። ፒተር «ራኩን» ብሎ ሲጠራው «ራኩን ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። አሜሪካ ያለው ተመልካች በዚህ ይስቃል። እኛ አልሳቅንም። እኛም መልሱን እየጠበቅን ነበር።

ስለዚያ ምሽት ሌላም ልንገራችሁ። በዚያ ቪዲዮ ቤት በአማርኛ የተተረጎመ ቅጂ ሲጠፋ አንድ የሰፈር ልጅ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሞ ይተረጉማል። ደመወዙ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ። እንግሊዝኛው ትንሽ ያነክሳል፣ አማርኛው ግን ይበራል። ግሩት አፉን በከፈተ ቁጥር ከራሱ ይጨምርበታል። «ርቦኛል እያለ ነው።» «ይሄ ሰውዬ አላማረኝም አለ።» «እናንተ ሂዱ፣ እኔ እግሬን ያመኛል አለ።» ሰው በሳቅ ይፈርሳል። አንድም ጊዜ «እኔ ግሩት ነኝ» ብሎ አልተረጎመም።

መጨረሻው ደረሰ። መርከቧ ልትከሰከስ ነው። ግሩት ቅርንጫፉን እያበቀለ፣ እያጠላለፈ፣ ጓደኞቹን እንደ ወፍ ጎጆ ከበባቸው። ሮኬት ገባው። ትሞታለህ እኮ፣ ለምን እንዲህ ታደርጋለህ እያለ ይለምነዋል። ግሩት መለሰለት።

ተርጓሚያችን ዝም አለ። ለስላሳውን መሬት አስቀመጠ። ሁላችንም እሱን ነው የምናየው፣ ቴሌቪዥኑን አይደለም። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ፣ «ግሩት… ነን» አለ።

ከኋላ አንዲት ሴት «ውይ!» አለች። ሌላ ድምፅ የለም። ቬንትሌተሩ ብቻ።

ስለዚያች ትርጉም ብዙ ጊዜ አስቤያለሁ። በእንግሊዝኛው ለውጡ ከመነሻው ነው የሚመጣው፤ ገና ሲጀምር «እኛ» ይልና ሰሚው ያውቃል። ልጁ «እኛ» የምትለውን አላስገባትም። አማርኛ ደግሞ ይፈቅድለታል። ስለዚህ ግሩት የተናገረው ስለ ማን እንደሆነ የተገለጠው በመጨረሻዋ ፊደል ነው። «ኝ» የነበረችው «ን» ሆነች። አለቀ። ድምፁን የሰጠው ተዋናይ ቪን ዲዝል ያችን ቃል ለተለያዩ አገሮች ቅጂ በየቋንቋው እየደጋገመ ቀርጿታል። በአማርኛ አላስቀረጹትም። ቢያስቀርጹትም ያንን ልጅ የሚበልጠው አይመስለኝም።

አሁን ወደ ድራክስ። ሽማግሌ ለአንድ ወገን አያዳላም፣ ስለዚህ እዚህ ላይ ለተማሪው እፈርድለታለሁ። ኮሚኩ ላይ ድራክስ አርተር ዳግላስ የሚባል የምድር ሰው ነው። ሚስቱንና ልጁን ይዞ በረሃ ውስጥ መኪና እየነዳ ሳለ ታኖስ መኪናዋን ያጠፋል። የታኖስን መርከብ አይተው ይሆናል በሚል ብቻ። የሰውየውን ነፍስ ይይዙና በአዲስ፣ ለመግደል በተሠራ ገላ ውስጥ ይከቷታል። ይሄ ከባድ ነገር ነው። ሰውየው ቤተሰቡን ብቻ አይደለም ያጣው፣ ገላውንም ነው። ፊልሙ ላይ ግን ከሌላ ፕላኔት የመጣ፣ ሚስቱንና ልጁን የፊልሙ ክፉ ሰው ሮናን የገደለበት ጦረኛ ነው። ሐዘኑ አለ፤ ያ ባዕድ ገላ ውስጥ የመኖር ነገር ቀርቷል። ለምን? የእኔ ግምት፣ ፒተር ብቸኛው የምድር ልጅ እንዲሆን ነው። ሁለተኛ የምድር ሰው ቢኖር የፒተር ብቸኝነት ይላላል። ይገባኛል። ግን የተማሪው ቁጭትም ይገባኛል።

በምትኩ የሰጡን ደግሞ ፈሊጥ የማይገባው ሰው ነው። የተባለውን ሁሉ እንደወረደ ይወስዳል። እዚህ ድሬ ቢመጣ አስቡት! «አንጀቴን በላኸው» ብትሉት «እኔ ምንም አልበላሁም» ይላል። «እግረ መንገድህን ቀፊራ ብቅ በል» ብትሉት እግሩን ያያል። አማርኛ ለድራክስ የሚሆን አገር አይደለም።

ቀጥሎ ያለው ለእኔ ዋናው ነው። ፒተር በልጅነቱ፣ በ1988፣ እናቱ ስትሞት የቀረችለት አንዲት ካሴት ናት። እናቱ የምትወዳቸውን ዘፈኖች የቀዳችበት። ጠፈር ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ያችኑ ያዳምጣል። እናቱ ልትሞት ስትል እጄን ያዘኝ ብላው አልያዛትም፤ ፊቱን አዞረ። ያ ነገር እስከ መጨረሻው ጦርነት ይከተለዋል።

ይሄን ስናይ ቪዲዮ ቤቱ ውስጥ ኮሚክ ያነበበና ያላነበበ የሚባል አልነበረም። እኔ ትዝ ያለኝ የእናቴ ካሴት ነው። አሊ ቢራ። የዚሁ ከተማ ልጅ ነው፤ በ1947 እዚሁ ተወልዶ፣ በአፍረን ቀሎ የሙዚቃ ቡድን ጀምሮ፣ በኦሮምኛም በሐረሪም በአማርኛም በሶማሊኛም የዘፈነ። ካሴቷ ከመሰማቷ ብዛት ጽሑፏ ተፍቆ ነጭ ሆናለች። ባትሪ እንዳያልቅ በቴፑ አናጠነጥናትም። ቢክ እስክርቢቶ ጥርሷ ውስጥ እንከትና እናሽከረክራለን፤ ጥብቅ ሲል እናቴ በጆሮዋ ታውቀዋለች። «በቃ፣ ትበጠሳለች» ትላለች ከጓዳ። ያቺ ናት ታይዋን የወሰድኩት ቴፕ ውስጥ የምትዘፍነው።

ጉዱ ምን መሰላችሁ? ኮሚኩ ላይ ካሴቷ የለችም። የ2008ቱም ላይ፣ የ1976ቱም ላይ። የፊልሙ ጭማሪ ናት። አድናቂው ግን «ኦሪጅናሉ ላይ የለችም» ብሎ አላኮረፈባትም። የፊልሙ የዘፈን አልበም፣ አንድም አዲስ ዘፈን የሌለበት፣ ሁሉም የድሮ፣ የአሜሪካው ቢልቦርድ ዝርዝር ላይ አንደኛ ወጣ። እንዲያ የሆነ የፊልም አልበም ከዚያ በፊት አልነበረም። በካሴትም ጭምር አሳተሙት፣ በ2014! ተማሪውን «ካሴቷስ?» አልኩት። ራሱን አከከ። «እሷ ትለያለች» አለኝ።

ትለያለች። ይሄን ይዛችሁልኝ ወደ ሮኬት እንሂድ።

ሮኬት የመጣው በ1976 በዚያው ማርቬል ፕሪቪው መጽሔት 7ኛ ቁጥር ላይ ነው። ጸሐፊው ቢል ማንትሎ፣ ሠዓሊው ኪት ጊፈን። ስሙ በቢትልስ ዘፈን ላይ የተሠራ የቃል ጨዋታ ነው። በ1982 ኸልክ 271ኛ ቁጥር ላይ እንደገና ብቅ አለ፣ በ1985 ደግሞ የራሱ አራት ቁጥር ታተመለት። ከዚያ ብዙም የሚያስታውሰው አልነበረም።

ማንትሎ እጁ ፈጣን ነበር። ለማርቬል የጻፈው ተቆጥሮ አያልቅም። በኋላ ሕግ ተምሮ ኒው ዮርክ፣ ብሮንክስ ውስጥ ጠበቃ መቅጠር ለማይችሉ ሰዎች የሚቆም ጠበቃ ሆነ። በ1992 ጎማ ባለው ጫማ መንገድ ላይ ሲንሸራተት መኪና ገጨው። አንጎሉ ክፉኛ ተጎዳ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ኑሮው በእንክብካቤ ማዕከል ነበር፤ ወንድሙ ነው ጉዳዩን የያዘለት። ለሕክምናው ገንዘብ ያዋጡ አድናቂዎችም ነበሩ፤ ያው «አበላሹት» እያሉ የሚጮኹት ሰዎች። ፊልሙ ሲወጣ ማርቬል እሱ ያለበት ድረስ ወስዶ ለብቻው አሳየው። በሃያዎቹ ዕድሜው የፈጠራት ያቺ ቁጡ አውሬ ከፊቱ ስታወራ አያት።

ይሄን ነገር ለሁለቱ ኩርፍተኞች ሻይ ቤት ቁጭ አድርጌ ነበር የነገርኳቸው። ተማሪው ዝም ብሎ ቆየና «ስሙ ፊልሙ ላይ አለ?» አለኝ። አለ። መጨረሻው ላይ የፈጣሪዎቹ ስም ተራ በተራ ይመጣል። ግን ማን ያየዋል? ቪዲዮ ቤት ስም መውጣት ሲጀምር ባለቤቱ ሪሞቱን ያነሳል፤ የሚቀጥለው ፊልም ተመልካች በር ላይ ቆሟል። ያ የፊልሙ አድናቂ ጓደኛው ስልኩን አወጣ። ፍላሹን በገመድ ሰካ። ጎትቶ ጎትቶ መጨረሻው ላይ አደረሰው። ሁለቱ ጭንቅላት ለጭንቅላት ገጥመው፣ ያቺን ትንሽ ጽሑፍ እያቆሙ፣ እያስኬዱ፣ እያቆሙ። «ይኸው!» አለ ያ ኮሚክ አይቶ የማያውቀው። ማንትሎና ጊፈን። የግሩት ፈጣሪዎችም አሉ። ስታርሊንም።

እኔ ሽምግልናዬን ጨርሼ የሻዩን ሂሳብ ከፍዬ ወጣሁ። አላስተዋሉኝም።

ጥያቄ ካላችሁ።

(አንዲት ወጣት፦ «ከየቱ ልጀምር፣ ከፊልሙ ወይስ ከኮሚኩ?»)

ከፊልሙ። ከዚያ የ2008ቱን አንብቢ። የ1960ውን ግሩት ግን አንድ ቀን ሲከፋሽ አንብቢው፤ ያስቅሻል።

(ከፊት የተቀመጡ የምድር ባቡር ጡረተኛ፦ «እኛ ልጆች ሳለን እንዲህ ያለው በሥዕል የሚነበብ ነገር በፈረንሳይኛ ከጅቡቲ በባቡር ይመጣ ነበር። አንድ የብረት ልብስ የለበሰ ሰውዬ አስታውሳለሁ። ገጹ ተገንጥሎ ስለሚደርሰን መጨረሻውን አናውቀውም። እኛው እንጨርሰው ነበር።»)

አባባ፣ የዛሬውን ንግግር አንተ ብታደርገው ኖሮ እኔም አልደክምም ነበር። ስንት ፍጻሜ ሠርታችሁ ይሆን!

(ከኋላ፣ አሥር ዓመት የማይሞላው ልጅ፦ «ራኩን በአማርኛ ምንድን ነው?»)

ስም የለውም። እኛ አገር ስለሌለ ራኩን ነው የምንለው። ግን ጥሩ ነገር ጠየቅክ። ሦስተኛው ፊልም በ2023 ወጣ፣ አይተኸዋል? እዚያ ላይ ሮኬት እንደሱ ያሉ ጨቅላ አውሬዎች የታጎሩበት ፍርግርግ ያገኛል። ፍርግርጉ ላይ ጽሑፍ አለ። ያነበዋል። የአውሬው ስምና የመጣበት አገር ነው፤ ራኩን፣ ሰሜን አሜሪካ። በመጀመሪያው ፊልም «ምንድን ነው?» ብሎ የጠየቀው ቃል። ከዚያ በኋላ ስሙን ሲናገር ሙሉውን ነው የሚናገረው፤ ሮኬት ራኩን ብሎ።

ልጁ አልተዋጠለትም። ለአፍታ አሰበና፦

«ጥርኝ ነው» አለኝ።